ባዕድ መነሻ፣ ሥር፣ ባዕድ መድረሻ፦ ከድሬዳዋ የካርድ ሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት

ታናሽ እህቴና ጓደኞቿ ነርሲንግ ጀምረዋል። የሕክምና ስያሜ የሚሉትን ትምህርት ግን እየተማሩት ሳይሆን እየሸመደዱት ነው። ኮሌሲስቴክቶሚን (የሐሞት ከረጢት ቆርጦ ማውጣት) እንደ አንድ ረጅም ስም ይይዟታል፤ ትንሽ ቆይታ ኮሌሲስታይተስ (የዚያው ከረጢት ብግነት) ስትመጣ እንደማያውቋት እንግዳ ያዩአታል። የሁለቱ ግማሽ አካል አንድ መሆኑን ወይ የነገራቸው የለም፣ ወይ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ተነግሯቸው አልፏቸዋል።

ያሰብኩት ካርድ መሥራት ነው። የሚገጣጠም፣ የሚነጠል፣ በእጅ የሚያዝ ካርድ። ባዕድ መነሻው በቀይ፣ ሥሩ በጥቁር፣ ባዕድ መድረሻው በአረንጓዴ ማርከር ይጻፋል። ፊቱ ላይ እንደ መጽሐፉ በላቲን ፊደል፤ ጀርባው ላይ አነባበቡ በእኛ ፊደል፣ ከሥሩም ፍቺው በአማርኛ። ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ የሚሉትን ስሞች ከአማርኛ ሰዋስው ክፍለ ጊዜ ያውቋቸዋል፤ ስለዚህ ለእነሱ አዲስ ቃል አላወጣም።

ሥሮቹን መጽሐፉ በፊደል ተራ ነው የደረደራቸው። እኔ ከራስ ወደ እግር ወረድኩ። ኤንሴፋል አንጎል፣ ራይን አፍንጫ፣ ኦት ጆሮ፣ ካርዲ ልብ፣ ሄፓት ጉበት፣ ስፕሌን ጣፊያ፣ ጋስትር ጨጓራ፣ ኤንተር አንጀት፣ ኔፍር ኩላሊት፣ ሂስተር ማህፀን፣ አርትር መገጣጠሚያ። በሽተኛ ሲመረመርም ከላይ ወደ ታች ነው፤ እጃቸውም ዓይናቸውም ያንን ቅደም ተከተል ይልመድ።

እሑድ

መቀሱ «ሮ» ላይ ቆመ።

ጋስትሮስኮፒን (ጨጓራን በመሣሪያ ማየት) ልቆርጥ ነበር። በላቲን ፊደል ከሆነ ቀላል ነው፤ ሥሩ አንድ ቦታ ያልቃል፣ ቀጥሎ «ኦ»፣ ከዚያ መድረሻው። በእኛ ፊደል ግን የሥሩ የመጨረሻ ድምፅና አያያዡ «ኦ» አንድ ፊደል ውስጥ ተጋብተው ተቀምጠዋል። ጋስትራይተስ ላይ ደግሞ ያው «ር» መጥቶ «ራ» ይሆናል። ታዲያ ሥሩን «ጋስትሮ» ብዬ ልጻፈው ወይስ «ጋስትራ»? ሁለቱም ልጆቹን ያሳስታል።

መፍትሔው ሳድስ ሆኖ ተገኘ። ሥሩ ሁሉ በሳድስ ይለቅ፦ ጋስትር፣ ኔፍር፣ ሄፓት፣ አርትር። «ኦ» ለብቻዋ ጣት የምታህል ትንሽ ካርድ ታገኛለች። ር እና ኦ ሲገናኙ ሮ፤ ር እና አይተስ ሲገናኙ ራይተስ። ለእህቴ ሳሳያት «ቤት ላይ ኦች ሲጨመር ቤቶች እንደሚሆነው ነዋ» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። አፋችን ይህን ሥራ ከልጅነት ጀምሮ ሲሠራው ነው የኖረው።

የ«ኦ»ን ሕግ ዛሬውኑ በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። መድረሻው በተነባቢ ከጀመረ «ኦ» ትገባለች፦ ጋስትሮስኮፒ። መድረሻው በአናባቢ ከጀመረ ትወጣለች፦ ጋስትራይተስ እንጂ ጋስትሮአይተስ የለም። ሁለት ሥሮች ሲገናኙ ግን ሁለተኛው በአናባቢ ቢጀምርም ቦታዋን አትለቅም፦ ጋስትሮኤንተራይተስ፣ የጨጓራና የአንጀት ብግነት። «ኦ» ራሷ ምንም ትርጉም የላትም፤ አፍ እንዳይሰናከል የምትገባ ናት። ሁሉም ቃል በ«ኦ» ብቻ ይያያዛል ማለት ግን አይደለም፤ ኮሌሲስታይተስ ውስጥ ያለችው «ሌ» ለምሳሌ ከ«ኮሌ» ጋር አብራ የመጣች ናት፤ እሷን አልቆረጥኳትም።

ማክሰኞ ማታ

የእንግሊዝኛ መማሪያዎች አንድ ምክር አላቸው፦ ቃሉን ከኋላ ጀምረህ ፍታ፣ መጀመሪያ መድረሻውን፣ ከዚያ መነሻውን፣ መጨረሻ ላይ ሥሩን። ልጆቹም ይህንን ተምረው ዓይናቸውን ወደ ኋላ ሲወረውሩ፣ ከዚያ ወደ ፊት ሲመልሱ አያቸዋለሁ። በእንግሊዝኛ ምክሩ ትክክል ነው፤ እንግሊዝኛው «ብግነት» ብሎ ጀምሮ «የጨጓራ» ብሎ ነው የሚጨርሰው።

በአማርኛ ግን ማን ወደ ኋላ ሂዱ አለን? ካርዶቹን በተርታ ደርድሬ ጀርባቸውን ስገለብጥ ፍቺው ራሱ ተደርድሮ መጣ። ሄፓት፣ አይተስ፦ የጉበት ብግነት። ካርዲ፣ ኦ፣ ሜጋሊ፦ የልብ መተለቅ። ስፕሌን፣ ኤክቶሚ፦ ጣፊያ ቆርጦ ማውጣት። ኮሌ፣ ሲስት፣ ኤክቶሚ፦ የሐሞት ከረጢት ቆርጦ ማውጣት። ቃሉ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሄደ አማርኛውም አብሮት ይሄዳል። ግሪኩ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እኛም መጨረሻ ላይ ነው የምናስቀምጠው። «የ» ማስገባት ብቻ ነው የሚቀረው።

ይህንን ሳይ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ቃል ስገጣጥም አመሸሁ።

ሁልጊዜ አይሠራም። ቀዮቹ ካርዶች ያስቸግራሉ። ፔሪካርዳይተስን ከግራ ብትጀምረው «ዙሪያ፣ ልብ፣ ብግነት» ነው፤ አማርኛው ግን «በልብ ዙሪያ ያለው ሽፋን ብግነት» ብሎ ዙሪያን ከልብ ኋላ ይጥለዋል። አኑሪያም እንዲሁ፤ «አን» ፊት ትቆማለች፣ «አልባ» ግን ኋላ ነው የሚመጣው፦ ሽንት አልባ። ማዮካርዳይተስ ላይ ደግሞ ሁለቱ ሥሮች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ጡንቻና ልብ ይልና እኛ የልብ ጡንቻ እንላለን። ስለዚህ ለልጆቹ የምሰጣቸው ሕግ ይህ ነው፦ ጥቁርና አረንጓዴ ካርድ ብቻ ካያችሁ፣ እንደ ማዮካርዳይተስ ካሉት በቀር፣ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፤ ቀይ ካየች ዓይናችሁ፣ ቆም በሉ።

ሐሙስ

መጀመሪያ የቆረጥኩት ከወረቀት ነበር። ግንቦት ነው፣ ድሬ ነው፣ ቬንቲሌተር ሳይከፈት አይቀመጥም (የዋርዱን የመተንፈሻ መሣሪያ ማለቴ አይደለም፣ የጣሪያውን)። ካርዶቹ ክፍሉን ሞሉት፤ ሂስተር አልጋ ሥር ተገኘች። ከሱቅ የብስኩት ካርቶን ለምኜ አዲስ ቆረጥኩ። ጠረጴዛውን ትተን ደግሞ ግቢ ውስጥ ያለውን የልብስ ማስጫ ገመድ ያዝን፤ እያንዳንዱ ካርድ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላል፣ ሲፈለግ ይነሳል። ፀሐይዋ ዘወር ስትል ጥላ ስላለው ለማጥናትም ከቤት ይሻላል።

ዛሬ የተሰቀሉት የቀዶ ሕክምና መድረሻዎች ናቸው። ቶሚ፣ ኤክቶሚ፣ ስቶሚ። ሦስቱ በጆሮ ይመሳሰላሉ፤ ለበሽተኛው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ቶሚ መቅደድ፣ መክፈት ነው። ኤክቶሚ ቆርጦ ማውጣት፤ «ኤክ» ወደ ውጭ ማለት ነውና። ስቶሚ ደግሞ ከግሪኩ «አፍ» የመጣ ነው፤ ቀዳዳ ከፍቶ አፍ ማበጀት። ላፓሮቶሚ ሆድን ይከፍታል፤ ኮሌክቶሚ ትልቁን አንጀት ያወጣል፤ ኮሎስቶሚ ትልቁን አንጀት ሆድ ላይ አፍ ያበጅለታል፣ ሰገራውም በዚያ በኩል በከረጢት ይሰበሰባል።

ከጓደኞቿ አንዷ የሐረር ልጅ ናት፤ ነገር ካልገባት አታልፍም።

«ሲስተር፣ ትራኪኦቶሚና ትራኪኦስቶሚ ታዲያ አንድ አይደሉም? ሁለቱም አንገት ላይ ነው የሚቀደደው።»

«ቶሚው መቅደዱ ነው፤ ስቶሚው ቱቦው የሚገባበት፣ ተከፍቶ የሚቆየው አፍ። በወሬ ላይ ግን ሰዉ ያቀላቅላቸዋል።»

«አቦ፣ እነሱ ካቀላቀሉት እኛ ለምን እንለያለን?»

«ፈተናው ስለሚለያችሁ።»

ሳቁ። እህቴ ግን ቶሚ የሚለውን ካርድ ይዛ ቀረች። አቶም የሚለው የፊዚክሱ ቃል ውስጥ ያለው «ቶም» ይሄው ነው ወይ አለች። ነው። «አ» ያችው «አን» ናት፣ የሌለ፤ «ቶም» መቁረጥ፤ የማይቆረጥ። ጥንት የማይከፈል ይመስላቸው ነበር። የ«አ» ካርድ ለካ በሌላ ክፍለ ጊዜም ሠርታ ኖሯል።

ዓርብ፣ ከሌሊት ዲዩቲ መልስ

አጭር ማስታወሻ። ኩላሊት ሁለት ካርድ ያስፈልጋታል። ኔፍር ግሪኩ ነው፣ ሬን ላቲኑ። በሽታና ቀዶ ሕክምና ሲሆን ብዙ ጊዜ ግሪኩ ይመጣል፦ ኔፍራይተስ፣ ኔፍሬክቶሚ። የአካሉ ስም ወይም ገላጭ ሲሆን ላቲኑ፦ ሬናል አርተሪ፣ የኩላሊት ደም ቧንቧ። ሳንባም እንዲሁ ነው፦ ኒውሞኒያ በግሪክ፣ ፐልሞናሪ በላቲን። ቆዳም ደርማታይተስ ይባልና መርፌው ሰብኪውታንየስ ይባላል፤ ከቆዳ በታች። ጥንዶቹን በአንድ መቆንጠጫ ጀርባና ጀርባ አድርጌ ሰቀልኳቸው። መኝታ።

ቅዳሜ

የዛሬው ከእቅዱ ውጭ ነው። ጎረቤታችን አዴ ከበሩ ሥር በርጩማዋን ይዛ ገመዱን ስታይ ቆየችና «ልጄ፣ ወባዋ የቷ ናት?» አለችኝ።

ድሬዳዋ ላይ ወባ ሳይጠራ የሕክምና ወሬ አይጀመርም። ማላሪያ የሚለው ከጣሊያንኛ ነው፤ መጥፎ አየር ማለት። ያኔ በሽታው ከረግረግ ሽታ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ሥሩ ትክክል ተፈትቶ ፍቺው ግን ስለ በሽታው የተሳሳተ ነገር የሚናገር ቃል ነው፤ እንዲህ ያለም እንዳለ ልጆቹ ማወቅ አለባቸው።

ወደ ትንኞቹ ስንሄድ ነገሩ አማረ። ወባ አስተላላፊዋ አኖፊለስ ትባላለች። «አን» የቀዩ ካርድ ነው፣ «ኦፊሎስ» ጥቅም፤ ጥቅም አልባ። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ደግሞ ኤደስ፤ «አ» አሁንም የሌለ፣ ቀጣዩ ደስ የሚል፤ ደስ የማትል። ሁለቱም የከተማችን ትንኞች አንዷን ቀይ ካርድ ግንባራቸው ላይ ለጥፈው ነው የሚዞሩት። አዴ ይህንን ስትሰማ «ስም አውጪው ድሬ ኖሮ መሆን አለበት» አለች።

ለቀልድ ብቻ አይደለም። ደንጊ በኢትዮጵያ ወረርሽኝ ሆኖ መጀመሪያ የተረጋገጠው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013። ቺኩንጉንያ በ2019 ከተማውን አዳረሰ፤ በየቤቱ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰው ነበር። በ2022 ደግሞ የወባ ወረርሽኙ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ከምትባለው አዲስ መጥ ትንኝ ጋር ተያያዘ፤ እሷ እንደሌሎቹ ረግረግ አትጠብቅም፣ በርሜልና የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል የሌለው ቤት ከየት ይገኛል።

ቺኩንጉንያን ሐረሬዋ ለመበተን ሞክራ ነበር፤ «ቺ» መነሻ ናት ብላ ቀይ ካርድ ጠየቀች። አይበተንም፤ ግሪክም ላቲንም አይደለም። በ1952 በዛሬዋ ታንዛኒያ ደቡብ ወረርሽኙ ሲታይ ከማኮንዴ ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ የሚያጎብጥ እንደማለት፣ መገጣጠሚያው ያመመውን ሰው አቋቋም አይተው። እንዲህ ያሉትን ገመድ ላይ አልሰቅላቸውም። ለብቻቸው በፌስታል አስቀመጥኳቸው፤ እነዚህ ብቻ ይሸመደዱ።

ሰኞ

ሃይፐርና ሃይፖ። እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ፣ ምክንያቱም ይህ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሃይፐር ከልክ በላይ፣ ሃይፖ ከልክ በታች። በጽሑፍ ይለያሉ፤ ተረኛ ሲቀያየር፣ በጫጫታ መሃል፣ ማስክ ተደርጎ ሲነገሩ ግን የመጨረሻዋ «ር» ትዋጣለች። ሃይፐርግላይሴሚያ ያለበት ሰው ስኳሩ እንዲወርድ ይታከማል፤ ሃይፖግላይሴሚያ ያለበት ደግሞ ስኳር በቶሎ ይሰጠዋል። አንዱ የሌላውን ሕክምና ቢያገኝ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ልጆቹን ያስለመድኳቸው ቃሉን ብቻውን እንዳይሉት ነው፤ ቃሉ፣ ከዚያ ቁጥሩ። «ሃይፖ ነው» አይባልም፤ «ሃይፖግላይሴሚያ፣ ስኳሩ 52» ይባላል። ስኳር በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ ሃይፖ መሆኑን ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፍኩ።

በዚሁ ሌሎቹንም ቁጥር ሰጠኋቸው። ታኪ ፈጣን፣ ብራዲ ዝግተኛ፦ እረፍት ላይ ያለ አዋቂ ልብ በደቂቃ ከ100 በላይ ሲመታ ታኪካርዲያ፣ ከ60 በታች ሲሆን ብራዲካርዲያ። ኦሊጎ ጥቂት፣ ፖሊ ብዙ፦ አንድ አዋቂ በቀን ከ400 ሚሊሊትር በታች ሲሸና ኦሊጉሪያ፣ ከ3 ሊትር በላይ ሲሆን ፖሊዩሪያ። አኑሪያ በፍቺው ሽንት አልባ ይሁን እንጂ ዶክተሩ ከ100 ሚሊሊትር በታች ሲያይም ይጽፈዋል። አኒሚያም ቃል በቃል ደም አልባ ነው፤ ደም አልባ ሰው ዋርድ አይተኛም። እዚህ ላይ «ደም ማነስ» የሚለው አማርኛ ከግሪኩ ይበልጥ ልክ ነው ባይ ነኝ።

እሮብ

የሚመሳሰሉት ቀን። እነዚህ ላይ የእኛ ፊደል አይረዳም፤ ሁለቱ አንድ ሆነው ቁጭ ይላሉ። ኢሊየም የቀጭኑ አንጀት የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ኢሊየም የዳሌ አጥንትም ነው። በላቲን ፊደል አንዷ ሆሄ ብቻ ናት የምትለያቸው፤ በጆሮ ምንም። ሃይድርም እንዲሁ፦ አንዱ ውኃ፣ ሌላው ላብ። እነዚህን ካርዶች ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርጌ ነው የሰቀልኩት፤ የምትለየዋን ሆሄ በቢጫ ቀባኋት።

ማየል ደግሞ ሌላ ጣጣ ናት። መቅኒም ናት፣ ኅብለ ሰረሰርም ናት። ኦስቲኦማየላይተስ የአጥንትና የመቅኒው ብግነት፤ ፖሊዮማየላይተስ ግን የኅብለ ሰረሰሩ ግራጫ ክፍል ብግነት፣ ፖሊዮ ግራጫ ማለት ስለሆነ። የልጅነት ልምሻ የምንለው ይኸው ነው። አጠገቧ የቆመው ሥር ማን እንደሆነ ሳይታይ ማየል አትፈታም።

ኦማ እብጠት ተብላ ነው የምትሸመደደው፤ እሷንም አትመኗት አልኳቸው። ላይፖማ የስብ እብጠት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ሜላኖማ ግን አደገኛ ካንሰር ነው። ሄማቶማ ደግሞ ዕጢም አይደለም፣ የተጠራቀመ ደም ነው። መድረሻዋ አንድ፣ ዕጣዋ ሦስት ዓይነት።

እሑድ

እህቴ ትናንት ከልምምድ ስትመጣ ልብሷን ሳትቀይር ወደ ገመዱ ሄደች። ቻርት ላይ ያየችውን ቃል ሳትጠይቀኝ ልትገጥመው ፈልጋለች። ትሮምብ ሰቀለች፣ ኦ፣ ሳይት፣ ሌላ ኦ፣ ፔኒያ። ትሮምቦሳይቶፔኒያ። ከግራ ጀመረችው፦ የደም መርጋት፣ ህዋስ፣ እጥረት። «ደም የሚያረጋው ህዋስ አንሷል ማለት ነው። ደንጊ ያለበት ልጅ ነው፣ ድዱ ይደማል፤ ለዛ ነው ለካ!» አለች። ቀይ ካርድ የለውም፣ ቀጥ ብሎ ሄደላት።

ጎረቤት ያለው የላቦራቶሪ ባለሙያም መጥቶ አየና የደም ቃላቱ ይጨመሩ አለ። ትክክል ነው፤ ጀምሬያቸዋለሁ። ኤሪትር ቀይ፣ ሊውክ ነጭ፤ ሊውኬሚያ ነጭ ደም። ከእነሱ ቀጥሎ የማዋለጃ ክፍሉ ላቲኖች ይመጣሉ፦ ፕሪሚግራቪዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዘች፣ መልቲፓራ ደጋግማ የወለደች፣ ነሊፓራ ያልወለደች። ሳይትና ሲስትን ግን በገመዱ ሁለት ጫፍ ለያይቼ ሰቅያቸዋለሁ፤ አንዷ ህዋስ፣ አንዷ ከረጢት፣ ሐረሬዋ እስክትለምዳቸው ድረስ አይቀራረቡም።